ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ መስኮት መክፈት፦ የአንድ የገርጂ ቤት የጉዳይ ጥናት

ቤቱ የሚገኘው ገርጂ ነው፤ ባለ አንድ ፎቅ፣ ጣሪያው ሶሌታ (ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ) የሆነ ቪላ። ሲሠራ በስተምሥራቅ ያለው ባዶ መሬት ስለነበረ የላይኛው ኮሪደርና ደረጃው ብርሃን የሚያገኙት በዚያ በኩል ካለው ሰፊ መስኮት ብቻ ነበር። በኋላ ጎረቤት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አቆመ፤ መስኮቱም ከግንብ ጋር ተፋጠጠ። ከዚያ ወዲህ ኮሪደሩ በቀትርም አምፖል የሚፈልግ ሆነ። የቤቱ እመቤት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ መብራት ሲጠፋ ደረጃውን የሚወርዱት የእጅ መደገፊያውን እየዳበሱ ነበር። «ልጄ፣ እኔ የምፈልገው የምረግጠውን ማየት ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሐሳብ ሁሉ የመዘንሁት በዚህ ቃል ነው።

ሜሪላንድ የሚኖረው ልጃቸው መፍትሔ ይዞ ቀርቦ ነበር፦ በፋብሪካ ያለቀለት፣ ድርብ መስታወቱ የታሸገ የጣሪያ መስኮት እዚያው ገዝቶ በመርከብ ይልካል፤ እኛ ሶሌታውን ቆርጠን እንገጥመዋለን። ስፋቱ 1.20 በ1.20 ሜትር ነው። ሐሳቡ የእናቱን ድካም ከማሰብ የመጣ ነው፤ ዕቃውም ጥሩ ዕቃ ነው። ሆኖም ያንን ዕቃ በዚያ ጣሪያ ላይ ማስቀመጥ አልቻልንም። ምክንያቱን በዝርዝር የምጽፈው ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው ብዙ ቤቶች ስላሉ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጎን ለጎን እየተጠጋጋ የሚነሣው ግንብ የብዙ ሰው መስኮት እየዘጋ ነው፤ ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት ለብዙዎች የቀረ አማራጭ ሆኗል።

ሶሌታውን ማንበብ

የቤቱ የመዋቅር ሥዕል ጠፍቷል። ሥዕል በሌለበት «እዚህ ጋ ይቆረጥ» ማለት ድፍረት ነው። ስለዚህ የጀመርነው ከውስጥ ነው፤ ከኮሪደሩ በላይ ያለውን ልስን በጥቂት ቦታ ፈቅፍቀን ሶሌታው ምን እንደሆነ አየን። ሙሉ ኮንክሪት አልነበረም። ጠባብ ቢሞች፣ ባለሙያዎች ሪብ የሚሏቸው፣ ከመሐል እስከ መሐል 60 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው ብሎኬት ተደርድሯል፤ ከላይ ደግሞ ቀጭን ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) የተዘረጋበት 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ኮንክሪት አለ። በአዲስ አበባ ቪላዎች ላይ ይህ ዓይነት ሶሌታ በብዛት ይገኛል፤ ቀላል ነው፣ ኮንክሪትም ይቆጥባል።

እንዲህ ባለ ሶሌታ ውስጥ ብሎኬቱ ጭነት አይሸከምም። ቦታ ለመሙላትና ለፎርምወርክ፣ ማለትም ኮንክሪቱ ሲሞላ ቅርጽ እንዲይዝ፣ ሲባል የገባ ነው። ጣሪያውን የሚሸከሙት ሪቦቹ ናቸው፤ በየሪቡ ታች ያለው ፌሮ ደግሞ የነገሩ ሁሉ ጅማት ነው። የልጃቸው መስኮት 1.20 ሜትር ስፋት ስላለው ቢያንስ አንድ ሪብ፣ ምናልባትም ሁለት መቁረጥ ግድ ይሆን ነበር። ሪብ ከተቆረጠ የተቆረጠውን ጫፍ የሚቀበል አዲስ ቢም ከግራና ከቀኝ ካሉት ሪቦች ጋር ማሰር ያስፈልጋል፤ እነዚያ ሪቦች ደግሞ ሲሠሩ ያልታሰበ ጭነት ይጨመርባቸዋል። የማይቻል ነገር አይደለም። የብረት ቢም ከታች አስገብቶ መሥራት ይቻላል። ነገር ግን ለአንድ ኮሪደር ብርሃን ያን ያህል መዋቅር መነካካት ተገቢ አልመሰለኝም።

ከዚህ የተለየው መንገድ የተገኘው ከፎርማኑ ጋር ጣሪያው ላይ ቆመን የሪቦቹን መስመር በኖራ ስናሰምር ነው። በሁለት ሪቦች መካከል 48 ሳንቲ ሜትር ክፍተት አለ። ስለዚህ አንድ ሰፊ ቀዳዳ ከመክፈት፣ በአንድ ሪብ ግራና ቀኝ ሁለት ረዣዥም ጠባብ ቀዳዳዎች መክፈት እንችላለን፤ እያንዳንዳቸው 48 በ105 ሳንቲ ሜትር። መሐል ያለው ሪብ ሳይነካ ይቀራል። የሁለቱ ስፋት ሲደመር ወደ አንድ ካሬ ሜትር ይመጣል። የኮሪደሩና የደረጃው ወለል 20 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ መስኮቱ የወለሉን 5 በመቶ ይሆናል። ለጣሪያ መስኮት በተለምዶ የሚያዘው መነሻ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው፤ ከላይ የሚመጣ ብርሃን ከጎን ከሚመጣው እጅግ ይበረታልና።

ሌላም ነገር ነበር። ቀዳዳው ሊከፈትበት ከታሰበው ቦታ አጠገብ 2,000 ሊትር የሚይዝ የውሃ ሮቶ ተቀምጧል። ሲሞላ ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል። ማንም ሲያስቀምጠው ከታች ምን እንዳለ አልጠየቀም፤ ቧንቧው የቀረበበት ቦታ ነው የተመረጠው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሮቶው ባዶ ሆኖ ዋና ቢም ወዳለበት ዳር ተዛወረ። የጣሪያ መስኮቱ ሐሳብ ባይመጣ ኖሮ እንኳ ይህ መደረግ ነበረበት። ጣሪያችሁ ላይ ሮቶ ያላችሁ ሁሉ ከሥሩ ያለው ቢም ይሁን ባዶ ሶሌታ አንድ ባለሙያ እንዲያይላችሁ እለምናችኋለሁ።

የሶሌታ ለውጥ የመዋቅር ለውጥ ስለሆነ ስሌቱና ሥዕሉ ተሠርቶ ለግንባታ ፈቃድ ቀረበ። ይህ ጊዜ ወሰደ፤ ለእኛ ግን የጠፋ ጊዜ አልነበረም፤ ክረምቱ እስኪያልፍ መጠበቅ ስለነበረብን። ጠፍጣፋ ጣሪያ የሚከፈተው ከመስቀል በኋላ ነው። የበልግ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ሊመጣ ስለሚችል ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሥራውን ጀምሮ ለመጨረስ የሚታመን ነው።

ከፍታውና ፀሐዩ

ወደ ሜሪላንዱ መስኮት ልመለስ። ድርብ መስታወት ማለት ሁለት መስታወቶች በመካከላቸው አየር ወይም ጋዝ ተይዞ ዙሪያቸው በጥብቅ የታሸጉበት ነው። የሚያዘው አየር ዕቃው የታሸገበት ቦታ አየር ነው። ለባሕር ወለል በተጠጋ ከተማ የታሸገ መስታወት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው አዲስ አበባ ሲመጣ፣ የውጭው የአየር ግፊት ሩብ በሚጠጋ መጠን ያንሳል። ውስጥ የታሰረው አየር ይገፋል፤ መስታወቱ ወደ ውጭ ይነፋል፤ ዙሪያውን የያዘው ማሸጊያ ሌት ተቀን ይወጠራል። አንዳንዱ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ማሸጊያው ለቆ በመስታወቶቹ መካከል ጉም ይቋጥራል፣ ያን ጊዜ ማጽዳት አይቻልም። ለከፍታ ቦታ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ግፊቱ እንዲስተካከል ቀጭን ቱቦ ያስገቡበታል፤ ልጃቸው የመረጠው ግን ያ አልነበረውም። እዚሁ አዲስ አበባ የታሸገ ድርብ መስታወት ይህ ችግር አይገጥመውም። ይህን ስነግረው ልጁ አላመነኝም ነበር፤ ከአምራቹ ጠይቆ መልሱን ራሱ ካነበበ በኋላ ግን ዋነኛው አጋዤ ሆነ።

ፀሐዩን በተመለከተ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ፤ ብዙ የሕንፃ ተማሪ የሚያውቀው ነውና። የፊንላንዱ አርክቴክት አልቫር አልቶ በቪፑሪ ከተማ፣ ዛሬ የሩሲያ ቪቦርግ በምትባለው፣ በ1935 እ.ኤ.አ. የተመረቀ ቤተ መጻሕፍት ሠርቷል። የንባብ አዳራሹ ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ 1.8 ሜትር ስፋት ያላቸው 57 ክብ የጣሪያ መስኮቶች አሉ። በዚያ ኬክሮስ ፀሐይ በዓመቱ ረጅሙ ቀን እንኳ ከአድማስ ከ53 ዲግሪ በላይ አትወጣም። አልቶ ይህን አስልቶ መስኮቶቹን እንደ ጉድጓድ ጥልቅ አደረጋቸው፤ የፀሐይ ጨረር ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ይበተናል እንጂ በቀጥታ የአንባቢው ገጽ ላይ አይወርድም። ያማረ ሥራ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ግን ያ ጥበብ አይሠራም። ከተማችን 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት አካባቢና በነሐሴ መጨረሻ፣ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። በእነዚያ ቀናት ጉድጓዱ የፈለገውን ያህል ቢጠልቅ ጨረሩ ቀጥ ብሎ ወለሉ ላይ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት ደግሞ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ያኔም ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ነው። ስለዚህ «መስኮቱን ወደ ሰሜን አዙረው» የሚለው ከአውሮፓ መጻሕፍት የተወሰደ ምክር እዚህ ግማሽ እውነት ብቻ ነው።

ጥርት ባለ የቀትር ሰማይ አንድ ካሬ ሜትር አግዳሚ ቦታ ላይ የሚወርደው የፀሐይ ኃይል ወደ 1,000 ዋት ይደርሳል። በንጹሕ መስታወት ቢገባ በኮሪደሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንደ መለኮስ ነው። ከዚያም በላይ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ስለታም የብርሃን ቁራጭ ዓይን ይወጋል፤ ጥላውና ብርሃኑ እየተፈራረቀ ደረጃ የሚወርድን ሰው ያሳስታል። እኚህ እናት የጠየቁት የሚረግጡትን ማየት ነው፤ ዓይናቸው ተወግቶ አንዱን እርከን ቢስቱ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነበር። የመረጥነው በሁለት ብርጭቆ መካከል የወተት ቀለም ያለው ፕላስቲክ ተጣብቆ የገባበት መስታወት ነው። ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ከአራተኛው ፎቅ ቁልቁል የሚያየውን ጎረቤት ዓይንም ይከልላል። ቢሰበር ስብርባሪው ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል እንጂ በሰው ራስ ላይ አይወርድም። ከራስ በላይ የሚገጠም መስታወት ከዚህ ሌላ መሆን የለበትም ብዬ አምናለሁ። ከላይ በኩል ደግሞ በረዶ እንዲቋቋም 6 ሚሊ ሜትር የጠነከረ መስታወት ተደረገ፤ በመካከላቸው ያለው አየር በክረምት ጠዋት መስታወቱ ላይ የሚቋጥረውን ላቦት ይቀንሳል።

ፖሊካርቦኔት (ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ) ለምን አልሆነም የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ በረዶም ይችላል። ነገር ግን በዚህ ከፍታ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር ብርቱ ነው፤ መከላከያ ቅብ የሌለው ፖሊካርቦኔት ይቢጫል፣ ይሰነጣጠቃል። የተቀባውን ካልተቀባው ለይቶ ገበያ ላይ መግዛት ደግሞ ለገዢው ቀላል አይደለም።

መቁረጥ፣ መገንባት፣ ውሃ ማቆም

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የጣሪያ መስኮት ካፈሰሰ ሰው የሚወቅሰው መስታወቱን ነው። እኔ ያየኋቸው የሚያፈሱ መስኮቶች ግን ውሃ የሚያስገቡት ፍሬሙና ሶሌታው በሚገናኙበት ቦታ ነው። የአሉሚኒየም ባለሙያው ያቀረበው ሐሳብ የተለመደው ነበር፦ ፍሬሙን የጣሪያው ሊሾ (የሲሚንቶ ወለል) ላይ በብሎን ማሰርና ዙሪያውን በሲሊከን መሙላት። ሰውየው ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ በዚህ ግን አልተስማማንም። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከኮንክሪት እጥፍ በሚሆን መጠን ነው። ቀን በፀሐይ ይግላል፣ ሌሊት በአዲስ አበባ ብርድ ይኮማተራል፤ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ቢሆንም በየቀኑ ይደጋገማል። አቧራማ ሊሾ ላይ የተለጠፈ ሲሊከን ያን መሳሳብ ለዓመታት አይችልም። ሲለቅ ደግሞ ውሃው የሚተኛበት ቦታ ላይ ነው የሚለቀው።

መፍትሔው ከጣሪያው ወለል ከፍ ያለ የኮንክሪት ክፈፍ መሥራት ነው። ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን ይባላል፤ እኛ 30 አደረግነው። የጣሪያው ስፋት 120 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 4,800 ሊትር ውሃ ይወርዳል። የሐምሌ ዝናብ በረዶ ይዞ ሲመጣ በረዶውና ቅጠሉ የውሃ መውረጃውን አፍ ይደፍነዋል፤ ያን ጊዜ ውሃው የጣሪያው ዙሪያ ግንብ ውስጥ ይታሰርና በዝቅተኛው ጥግ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ይቆማል። ክፈፉ ከዚህ በላይ በብዙ ርቀት መውጣት አለበት። በተጨማሪም ዙሪያ ግንቡ ላይ፣ ከጣሪያው ወለል 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ የትርፍ ውሃ ማስወጫ ቧንቧ ቀበርን። ዋናው መውረጃ ቢደፈን ውሃው በዚያ ወደ ውጭ ይተፋል፤ ሰውም አይቶ ይነቃል።

ቆረጣው በጃክ ሐመር አልተሠራም። ንዝረቱ ሪቦቹንና አሮጌውን ልስን ያናጋል። ከታች ሪቦቹ በቋሚ ተደገፉ፤ ከላይ ቀጭኑ ኮንክሪት በዲስክ ተቆረጠ፤ ብሎኬቱ በመሮና በመዶሻ ቀስ እየተባለ ወጣ። መጀመሪያ የተቆረጠው ከሚፈለገው ያነሰ ቀዳዳ ነው። ከዚያ የቀረው ኮንክሪት ብቻ ተፈልፍሎ ፌሮው ሳይቆረጥ ብቅ እንዲል ተደረገ፤ የወጣው ፌሮ ወደ ላይ ታጥፎ በክፈፉ ውስጥ ገባ። እንዲህ ሲሆን ክፈፉና ሶሌታው አንድ አካል ይሆናሉ፤ በአሮጌ ኮንክሪት ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ አዲስ ኮንክሪት መገናኛው ላይ መሰንጠቁ አይቀርም። በቀዳዳዎቹ ሁለት ጫፎች ከሪብ እስከ ሪብ አጫጭር ቢሞች ፌሮ ታስሮባቸው ተሞሉ። ክፈፉ አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ውሃ ጠጣ። ፎርማኑ እርጥብ ጆንያ አልብሶት ነበር፤ ፀሐይ ሲበረታ እሱ ባይመጣ እንኳ እመቤቷ ራሳቸው ያጠጡት ነበር።

የክፈፉ አንዱ ወገን ከሌላው 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። መስታወቱ በዚያ ተዳፋት ላይ ሲተኛ ዝናቡ አቧራውን እያጠበ ይወርዳል፤ ጠፍጣፋ ቢሆን ኖሮ ጠርዙ ላይ ጭቃ ይተኛ ነበር።

የውሃ መከላከያው በእሳት የሚለጠፍ የሬንጅ ሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ) ነው። ሜምብሬን በዘጠና ዲግሪ ከታጠፈ ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ክፈፉና ጣሪያው በሚገናኙበት ሁሉ ሰያፍ ሞርታር ተደረገ። ሜምብሬኑ በክፈፉ ወደ ላይ ወጥቶ አናቱን ተሻግሮ ወደ ውስጥ ጠርዝ ደረሰ፤ አራቱም ማዕዘን ላይ ተጨማሪ ቁራጭ ተለጠፈ። ፍሬሙ የተቀመጠው ከዚህ በላይ፣ ጎማ ላይ ነው፤ ዙሪያውን እንደ ባርኔጣ ክፈፉን አልፎ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ሲሊከን አልቀረም፤ ግን ሁለተኛ ዘብ ሆነ። እሱ ቢለቅ እንኳ ውሃው የሚንጠባጠበው ከክፈፉ ውጭ ነው።

መስታወቱ ከመግባቱ በፊት የውሃ መውረጃው ተደፍኖ ጣሪያው ላይ ውሃ ታቆረና ለ48 ሰዓት ተተወ። ይህን ሙከራ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ውሃ ውድ ነው፣ ጊዜም ይወስዳል ይላል። እኛ ባንሞክር ኖሮ በአዲሱ ክፈፍ ላይ የሚላከክ አንድ ችግር ተደብቆ ይቀር ነበር። በሁለተኛው ቀን አንዱ መኝታ ቤት ጥግ ላይ እርጥበት ታየ። ክፈፉ ደረቅ ነው። እርጥበቱ የመጣው ከአሮጌው የውሃ መውረጃ አፍ ነበር፤ ቧንቧው በሶሌታው ሲያልፍ ዙሪያው በልስን ብቻ ተሞልቶ ለዓመታት ቆይቷል። ተፈልፍሎ እንደገና ተሠራ፤ ሜምብሬኑም ወደ ቧንቧው ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። ሁለተኛው ሙከራ ደረቅ ወጣ።

ከመስታወቱ በታች የብረት ፍርግርግ አለ፤ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በ12 ሳንቲ ሜትር ርቀት። ለሌባ ነው የሚመስለው፤ ለሌባም ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ጣሪያ ልብስ የሚሰጣበት፣ በርበሬ የሚደርቅበት፣ የዲሽ ሠራተኛ የሚመላለስበት፣ በበዓል ቀን ልጆች የሚሮጡበት ቦታ ነው። ልጅ የጣሪያ መስኮትን መቀመጫ አድርጎ ያየዋል። መስታወቱ ቢሰበር እንኳ የሰው ክብደት የሚይዝ ነገር ከሥሩ መኖር አለበት። የ30 ሳንቲ ሜትሩ ክፈፍም ሰው ሳያውቅ እንዳይረግጥ ይረዳል።

ወጪውን በተመለከተ ባለቤቶቹን የገረማቸው ነገር መስታወቱና ፍሬሙ ከጠቅላላው ያነሰውን ድርሻ መውሰዳቸው ነው። ትልቁ ገንዘብ የሄደው ክፈፉ፣ ሜምብሬኑና የአሮጌው ጣሪያ ጥገና ላይ ነው።

አንድ ክረምት አልፎታል። በረዶ ወርዶበታል፤ አላፈሰሰም። ኮሪደሩ ቀን ቀን አምፖል አይበራበትም፤ መብራት በጠፋ ጊዜም እመቤቷ እርከኖቹን እያዩ ይወርዳሉ። በሐምሌ ጠዋቶች የአሉሚኒየሙ ጥግ ላይ ትንሽ ላቦት ይታያል፤ መስታወቱ ላይ ግን የለም። በመጋቢት ከሰዓት በኋላ የላይኛው ፎቅ ከበፊቱ ይሞቃል፤ ሙቅ አየሩ እንዲወጣ በክፈፉ ከፍተኛ ወገን ላይ ወንፊት ያለው የአየር ማስወጫ ለመክፈት ተስማምተናል፤ ሥራው ለሚመጣው ጥቅምት ተይዟል። እስከዚያ የቀረው የጎረቤቱ አሸንዳ ነው። አንዱ ቧንቧ ውሃውን የሚተፋው እኛ ጣሪያ ላይ ነው፤ ያንን ያህል ውሃ የውሃ መውረጃው ስሌት ውስጥ አላስገባነውም። የሁለቱ ቤት ሰዎች በሽማግሌ ተነጋግረዋል፤ ጎረቤቱ ከግንቦት በፊት ቧንቧውን ወደ ራሱ ግቢ ለማዞር ቃል ገብቷል።